ሪክ ራይት፦ የፒንክ ፍሎይድን ድምፅ የሰራው ሰውዬ ስሙ ለምንድነው የማይነሳው?

ጥቁርና_ነጭ_ቁልፍ፦
ሰላም የሮክ ቤተሰብ። ፒንክ ፍሎይድ በተነሳ ቁጥር የምሰማው ክርክር አንድ ነው፣ ባንዱ የሮጀር ዋተርስ ነው ወይስ የዴቪድ ጊልሞር፣ አንዱ ግጥሙን ይዞ ይመጣል ሌላው የጊታር ሶሎውን ይዞ ይመጣል እና እስኪነጋ ይጨቃጨቃሉ። ኪቦርዱ ላይ የተቀመጠውን ሰውዬ ግን ማንም አያነሳውም። ሪቻርድ ራይት፣ ሪክ የሚሉት፣ በ2008 በ65 ዓመቱ በካንሰር ያረፈው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

እስቲ የ1973ቱን ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን እንውሰድ። አልበሙ ላይ 10 ትራክ አለ፣ ከነሱ ውስጥ 5ቱ ላይ የሪክ ስም በደራሲነት ተጽፏል። ብሪዝ፣ ታይም፣ ዘ ግሬት ጊግ ኢን ዘ ስካይ፣ አስ ኤንድ ዜም፣ ኤኒ ከለር ዩ ላይክ። የአስ ኤንድ ዜም ሙዚቃ ሙሉ በሙሉ የሱ ነው ግጥሙ ብቻ ነው የዋተርስ። ዜማው መጀመሪያ የተሰራው አንቶኒዮኒ ለሚባለው ጣልያናዊ ዳይሬክተር ዛብሪስኪ ፖይንት ለሚል ፊልም ነበር፣ ፖሊስና ተማሪ የሚደባደቡበት ትዕይንት ላይ በፒያኖ ብቻ ሊገባ፣ ዳይሬክተሩ አልፈልግም ብሎ መለሰው፣ እነሱ ደሞ አስቀምጠውት ከዓመታት በኋላ አወጡት። ድብድብ እያየ እንደዛ የሚያሳዝንና የተረጋጋ ፒያኖ መጻፍ የቻለ ሰው እንዴት ተራ አጃቢ ተደርጎ ይቆጠራል?

ኮርዱን ደሞ ስሙት። ቤዙ ዲ ላይ ቆሞ አይነቃነቅም፣ ከላይ ያሉት ኮርዶች ግን ይቀያየራሉ፣ ሶስተኛው ላይ ዲ ማይነር ከሜጀር ሰባተኛ ጋር ይመጣል፣ ያ ኮርድ በሮክ ዘፈን ውስጥ በቀላሉ የምታገኙት አይደለም የጃዝ ሰዎች ነገር ነው። ሪክ ከልጅነቱ ጃዝ ሲሰማ ያደገ ሰው ነው። ብሪዝ ላይም ወደ መጀመሪያው ኮርድ ሲመለስ የምትመጣዋን አስገራሚ ኮርድ ከጃዝ ትራምፔት ተጫዋቹ ማይልስ ዴቪስ ካይንድ ኦፍ ብሉ አልበም እንደወሰዳት ራሱ ተናግሯል። ያቺን አንድ ኮርድ ብታወጧት ዘፈኑ ተራ የሁለት ኮርድ ጃም ሆኖ ይቀራል፣ ሞክሩት።

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው፣ ለምንድነው ይሄ ሰውዬ የተረሳው?

ለንደን_ዝናብ፦
ወንድሜ እግዜር ይስጥህ ይሄን ስላነሳህ። እኔ ከዛም ወደ ኋላ ልሂድ፣ ምክንያቱም ሰው ሪክን ከ1973 ነው የሚጀምረው፣ እሱ ግን ከመጀመሪያው ቀን ነው ያለው። ዋተርስንና ድራመሩን ኒክ ሜሰንን ያገኛቸው እዚሁ ለንደን ሪጀንት ስትሪት ፖሊቴክኒክ ነው፣ ሶስቱም አርክቴክቸር ሊማሩ የገቡ ልጆች ነበሩ። ሪክ አርክቴክቸሩ ልቡን ስላልያዘው ወደ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ዞረ። እና ከነሱ ውስጥ መጀመሪያ ዘፈን የሸጠው እሱ ነው፣ ፒንክ ፍሎይድ ገና አንድም ሳያወጣ የሪክ ድርሰት በሌሎች ዘፋኞች ተቀድቶ ወጥቶ ነበር። ስለ ባንዱ የመጀመሪያ መሪ ስለ ሲድ ባሬት ብዙ ይወራል ይገባዋልም፣ ግን ከባንዱ ልጆች ቀድሞ የታተመ ደራሲ የነበረው ሪክ መሆኑን ስንቱ ያውቃል።

በ1967ቱ የመጀመሪያ አልበማቸው ላይ ማቲልዳ ማዘር የሚለውን የሚዘፍነው ሪክ ነው፣ አስትሮኖሚ ዶሚኔ ላይም ከሲድ ጋር ድምፁ አለ። ሲድ ሲታመምና በ1968 ከባንዱ ሲወጣ ክፍተቱን ማን ሞላው? ሪሜምበር ኤ ደይ እና ሲ ሶው የሚባሉት የሁለተኛው አልበም ዘፈኖች የሪክ ናቸው፣ ኢት ዉድ ቢ ሶ ናይስ የሚለው ሲንግልም የሱ ነው። ሲንግሉ አልሸጠም እሺ፣ ግን በዛ በጭንቅ ወቅት ዘፈን ይዞ የሚመጣው እሱ ነበር። ከዛ በ1970 ሰመር ሲክስቲ ኤይት አለላችሁ፣ እኔ እስከዛሬ ስሰማው ሆዴ ይባባል፣ ከኮንሰርት በኋላ ስላለው ባዶነት የሚያወራ ዘፈን ነው ግጥሙም የራሱ ነው፣ ብራሱ (የመለከት ቡድኑ) ሲገባ ደሞ ሌላ ዓለም።

ሲድ በወጣበት ሰሞን ሪክ የባንዱ ድምፃዊም ደራሲም ነበር ለማለት ነው።

ግጥም_ይቀድማል፦
ሁለታችሁንም አከብራለሁ ግን ትንሽ አጋነናችሁት። ፒንክ ፍሎይድን ከሌላው ባንድ የለየው ሀሳቡ ነው። ጊዜ፣ ገንዘብ፣ ሞት፣ እብደት፣ ጦርነት፣ ይሄን ሁሉ በአንድ አልበም ላይ አስሮ ያመጣው ዋተርስ ነው፣ ዳርክ ሳይድ ላይ ግጥሙን በሙሉ የጻፈው እሱ ነው። ቆንጆ ኮርድ የሚጫወት ሰው በዛ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ሞልቶ ነበር፣ በየባንዱ ክላሲካል የተማረ ኪቦርዲስት አለ። ዋተርስ የሚባል ግን አንድ ነው። ሪክ ጥሩ ሙዚቀኛ ነው አልክድም፣ ግን ከ1975 በኋላ ምን አመጣ? አኒማልስ ላይ አንድም ዘፈን የለውም። ዘ ዎል ላይ የለውም። ዝም ብሎ ከተቀመጠ ሰው ጋር ዋተርስ ምን ያድርግ?

ጥቁርና_ነጭ_ቁልፍ፦
@ግጥም_ይቀድማል ጥሩ ነጥብ ነው ያነሳኸው ወንድሜ፣ በተለይ አኒማልስን ማንሳትህ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም የኔን ሀሳብ የሚያስረዳልኝ እሱ አልበም ነው።

አኒማልስ የ1977 ነው፣ የሪክ ስም በደራሲነት ያልተጻፈበት የመጀመሪያው አልበም። እሺ። አሁን ሺፕ የሚለውን ክፈትና መግቢያውን ስማ። ማንም የለም፣ በግ ይጮሃል ወፍ ይንጫጫል፣ ከዛ አንድ ኤሌክትሪክ ፒያኖ ቀስ ብሎ ይገባል፣ ብቻውን፣ ወዲያ ወዲህ እያለ፣ የሆነ ነገር ሊመጣ መሆኑን እየነገረህ፣ ቤዙ ከስር እስኪገባ ድረስ። ያን መግቢያ የፈጠረው ሪክ ነው። ዘፈኑ ግን የዋተርስ ተብሎ ነው የተመዘገበው፣ ብቻውን። ለምን ብትል በዛ አገር አሰራር ዘፈን ማለት ግጥምና ዜማ ነው፣ ኮርዱን እንዴት እንደበተንከው፣ ምን ድምፅ እንደመረጥክ፣ መግቢያውን እንዴት እንደከፈትከው፣ ይሄ ሁሉ ቅንብር ይባላል እንጂ ድርሰት አይባልም። ቅንብር ደሞ የድርሰት ሮያሊቲ የለውም። ዘፈን ይዞ የመጣው ሰው ዕድሜ ልኩን ይከፈለዋል፣ ዘፈኑን ዘፈን ያደረገው ሰው ስሙ በሙዚቀኞች ዝርዝር ውስጥ "ኪቦርድ" ተብሎ ይቀራል።

ስለዚህ "ምን አመጣ" ስትል በክሬዲቱ ብቻ ነው የምትቆጥረው። ዶግስ መሀል ላይ ጊታሩ ጸጥ ብሎ ሲንተሳይዘር ብቻ የሚቀርበት ረጅም ቦታ አለ፣ የሱ እጅ ነው። ክሬዲቱ ላይ ግን የለም።

እና ሀሳቡ የዋተርስ ነው ላልከው እስማማለሁ፣ ሙሉ በሙሉ። ግን ስለ ሞት የሚያወራውን የአልበሙን ዘፈን አስበው። ዘ ግሬት ጊግ ግጥም የለውም! ስለ ሞት አንድም ስንኝ ሳይኖረው ሰው ቁጭ ብሎ የሚያለቅስበት ዘፈን ነው። ከቢ ማይነር ወደ ኤፍ የሚዘለው የመጀመሪያው የፒያኖ እርምጃ ብቻ የሚለው ነገር አለ።

ሳውንድ_ቼክ፦
እኔ ሳውንድ ነው ስራዬ ስለዚህ ከስቱዲዮ በኩል ልግባ፣ የሪክ ትልቁ ነገር እኔ እንደሚገባኝ እዛ ነው ያለው።

ኤኮስን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ 1971፣ ሜድል የሚለው አልበም ላይ የሸክላውን አንድ ሙሉ ገፅ የያዘ የ23 ደቂቃ ዘፈን። እንዴት ተጀመረ? ሰዎቹ አቢ ሮድ ስቱዲዮ ገብተው ምንም የተዘጋጀ ነገር አልነበራቸውም፣ ቁርጥራጭ ሀሳቦች ብቻ ነው የቀዱት፣ ስማቸውንም "ምንም ቁጥር ይሄን ያህል" እያሉ ነበር የሚጠሩት። ከዛ ሪክ ፒያኖ ላይ አንዲት ከፍ ያለች ኖታ መታ፣ የፒያኖው ማይክ ደሞ በሌስሊ ስፒከር ውስጥ እንዲያልፍ ተደርጎ ነበር (ሌስሊ ማለት ለሃሞንድ ኦርጋን የተሰራ ውስጡ የሚሽከረከር ስፒከር ነው)፣ እና ያቺ ከባህር ስር የምትመጣ የምትመስል "ፒንግ" ወጣች። ዘፈኑ በሙሉ ከዛች ድምፅ ነው የተወለደው። ከዛ በኋላ ያለውን የፒያኖ መግቢያም የሰራው እሱ ነው። ሲዘፈንም ጊልሞርና ሪክ አንድ ላይ ናቸው፣ የሁለቱ ድምፅ ከመዋሃዱ የተነሳ ብዙ ሰው አንድ ሰው የዘፈነው ነው የሚመስለው፣ የአንድ ሰው ድምፅ ሁለት ጊዜ የተቀዳ ነው ብሎ የሚከራከረኝም አለ።

ሌላ ልጨምር። የ1975ቱ ሻይን ኦን ዩ ክሬዚ ዳይመንድ ሲከፈት የምትሰሙት የሚንሳፈፍ ድምፅ አለ አይደል፣ የስትሪንግ ማሽንና ሲንተሳይዘር ነው፣ ከስሩ ደሞ የወይን ብርጭቆ ጠርዝ በጣት እየታሸ የተቀዳ ድምፅ አለ፣ ከዛ በፊት በቤት ዕቃ ብቻ አልበም ሊሰሩ ጀምረው ከተዉት ፕሮጀክት የተረፈ። ከዛ ከላይ ሚኒሙግ የሚባለው ሲንተሳይዘር ይገባል። ጊልሞር ገና አራቷን ኖታ ሳይመታ እኮ ሀዘኑ ተዘርግቶ አልቋል። ሰው ስለዛች የጊታር አራት ኖታ መጽሐፍ ይጽፋል፣ አልጋውን ያነጠፈላት ግን ኪቦርዱ ነው።

የዘፈኑ የመጨረሻ ክፍል ደሞ፣ ዘጠነኛው፣ የሪክ ብቻ ድርሰት ነው። እንደ ቀብር ሰልፍ ቀስ ያለ፣ መጨረሻው ላይ ደሞ በጣም ቀስ ብሎ የሲ ኤሚሊ ፕለይን ዜማ ያስገባታል፣ የሲድን ዘፈን። ለሲድ በተሰራ ዘፈን መጨረሻ ላይ የሲድን ዜማ። ይሄን ያደረገው በኪቦርድ ነው፣ ቃል ሳይናገር።

ኮንሰርት ላይም፣ በ1967 ኩዊን ኤልዛቤት አዳራሽ ድምፁን በአራቱም የአዳራሹ ማዕዘን የሚያዞር ጆይስቲክ ያለው ሳጥን ነበራቸው፣ አዚመት ኮኦርዲኔተር ይሉታል። ያን ሳጥን የሚያንቀሳቅሰው ሪክ ነበር፣ በአንድ እጁ ኦርጋን እየተጫወተ። ዛሬ እኛ በፕላግኢን የምንሰራውን ነው።

አዲስ_ጆሮ፦
ቆይ ቆይ ማቲልዳ ማዘርን የዘፈነው ሲድ አይደለም እንዴ??

ለንደን_ዝናብ፦
@አዲስ_ጆሮ ሪክ ነው። ሲድ የሚገባው ወደ መጨረሻው ነው። በጆሮ ማዳመጫ ስማው፣ የሪክ ድምፅ ለስለስ ያለና ትንሽ የሚፈራ አይነት ነው። ታይም ላይም ቁጣ ያለበትን ክፍል ጊልሞር ይዘፍነዋል፣ ነገሩ ረገብ ሲል ስለ ፀሐይና ዝናብ የሚለውን ክፍል ሪክ ይረከበዋል።

ዜማ_ወዳድ፦
እኔ አንድ ነገር ላንሳ፣ ማንንም ለማጣጣል አይደለም። ስለ ተረሳ ሰው እያወራን ዘ ግሬት ጊግን በሪክ ስም ብቻ ስታነሱት ከበደኝ። ክሌር ቶሪስ? ያን የሚያለቅስ የሚጮህ የሚለምን ድምፅ ያወጣችው ሴት ስሟ እስካሁን እዚህ አልተጠራም።

ታሪኩን ለማያውቅ፦ በ1973 መጀመሪያ ላይ አልበሙ ሊያልቅ ሲል የሪክ ፒያኖ ላይ ምን እንጨምር እያሉ ነበር፣ ቀደም ሲል ኮንሰርት ላይ ሲጫወቱት ከመጽሐፍ ቅዱስ የሚነበብ ነገር ያስገቡበት ነበር፣ አልጣማቸውም። የሳውንድ ኢንጂነሩ አለን ፓርሰንስ ክሌርን አስጠራት። ግጥም የለም ዜማ የለም፣ ስለ ሞት ነው አሏት፣ ቃል አትጠቀሚ እንደ መሳሪያ ሁኚ ተባለች፣ ገባች፣ ዘፈነች፣ ወጣች። የተከፈላት 30 ፓውንድ ነው፣ ያውም እሁድ ስለነበረ እጥፍ ሆኖ። ደስ እንዳላቸው እንኳ በደንብ ስላልነገሯት አልበሙ ላይ መኖሯን ያወቀችው ሙዚቃ ቤት ሄዳ ሽፋኑ ላይ ስሟን ስታይ ነው ይባላል። በ2004 ባንዱንና የሙዚቃ ኩባንያውን ኢኤምአይን ከሰሰች፣ ያ ዜማ የኔ ድርሰት ነው ብላ፣ በ2005 ከፍርድ ቤት ውጪ ተስማሙ። ከዛ ወዲህ የሚታተሙት አልበሞች ላይ ራይት እና ቶሪ ተብሎ ነው የሚጻፈው።

30 ዓመት ያለፈው! ስለዚህ @ጥቁርና_ነጭ_ቁልፍ ያልከው አሰራር፣ ቅንብር እንጂ ድርሰት አይደለም የሚለው፣ እሷ ላይም ነው የሰራው፣ ከሪክም በላይ።

ጥቁርና_ነጭ_ቁልፍ፦
እህቴ ልክ ነሽ፣ አንድ ቃል አልቀንስም። ሁለቱ አንድ ላይ ነው የሚሄዱት ለኔ። ኮርዶቹ ባይኖሩ እሷ እንደዛ የምትሄድበት መንገድ የለም፣ እሷ ባትኖር ደሞ ኮርዶቹ ቆንጆ የፒያኖ ቁራጭ ሆነው ይቀሩ ነበር። የሷ ጉዳይ የሚያሳየው ግን እንደዚህ አይነት አስተዋጽኦ ድርሰት ተብሎ ሊቆጠር እንደሚችል ነው። እሷ ታግላ አስቆጠረችው። ሪክ ስለ ሺፕ መግቢያ የታገለ ሰው አይደለም፣ ዝም አለ። ዝም ስላለ ደሞ የለም ተባለ።

ለንደን_ዝናብ፦
ዝም አለ ካልክ አይቀር የ1979ኙን ነገር እናውራው፣ እዚህ ላይ ነው ሰው ብዙ የሚሳሳተው።

ዘ ዎል ሲሰራ ባንዱ ገንዘብ ያስቀመጠበት የኢንቨስትመንት ድርጅት ከስሮባቸው፣ የመንግስት ታክስ ደሞ አናታቸው ላይ ቆሞ፣ ከእንግሊዝ ወጥተው ደቡብ ፈረንሳይ ነበር የሚቀዱት። የአሜሪካው ኩባንያ በዓመቱ መጨረሻ ካደረሳችሁልን የተሻለ ፐርሰንት እንከፍላለን አለ። ሪክ በዛን ጊዜ ትዳሩ እየፈረሰ ነው፣ ልጆቹን የሚያገኘው በእረፍት ጊዜ ነው፣ ግሪክ አገር ነበር። ዋተርስ እረፍትህን ቆርጠህ ሎስ አንጀለስ ና አለው፣ አልመጣም አለ። ከዛ ዋተርስ ወይ አልበሙ ሲያልቅ ባንዱን ትለቃለህ ወይ አልበሙን እኔ ይዤው እሄዳለሁ አለ። ሪክ ለቀቀ። የሚያሳዝነው ግን ለሕዝብ አልተነገረም፣ በ1980 እና 81 በነበሩት የዘ ዎል ኮንሰርቶች ላይ ኪቦርዱ ጋ ቁጭ ብሎ ተጫወተ፣ በደሞዝ፣ እንደ ተቀጣሪ ሙዚቀኛ። ራሱ በመሰረተው ባንድ ውስጥ። ኮንሰርቱ ደሞ በወጪው ብዛት ከሰረና ሶስቱ የባንዱ ባለቤቶች ከኪሳቸው ሲከፍሉ ደሞዝተኛው ሪክ ብቻ ገንዘብ ይዞ ወጣ።

በ1983ቱ ዘ ፋይናል ከት ላይ ጭራሽ የለም። እና ያን አልበም ስሙትና ፍረዱ፣ ግጥሙ ጠንካራ ነው፣ ዋተርስ ስለ አባቱና ስለ ጦርነቱ ከልቡ ነው የሚጽፈው፣ ግን አየር የለውም። ዘፈኑ የሚተነፍስበት ቦታ ጠፍቷል። ለኔ ከሁሉም በላይ የሪክን ስራ የሚያሳየው እሱ የሌለበት አልበም ነው።

ግጥም_ይቀድማል፦
@ለንደን_ዝናብ ታሪኩን በደንብ ነው ያስቀመጥከው፣ ግን ሙሉ እንዲሆን፣ ሪክ ራሱ በኋላ ላይ በዛ ጊዜ ብዙ እንዳላበረከተ ተናግሯል እኮ። ፕሮዲውሰሩ ቦብ ኤዝሪንም ሌሎቹም የኪቦርድ ክፍሎችን መሸፈን ነበረባቸው። ዋተርስ ላይ ብቻ መለጠፍ ተገቢ አይመስለኝም። ፋይናል ከትን ደሞ እኔ በጣም ነው የምወደው፣ አየር የለውም ያልከው ለኔ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፣ ሀዘን እንዲያፍንህ ነው የተሰራው።

ሺፕን ግን ከፍቼ ሰማሁት። መግቢያው ላይ ክሬዲት ይገባው ነበር፣ ይሄን እሰጣችኋለሁ።

ለንደን_ዝናብ፦
ሪክ አላበረከትኩም ማለቱን አውቃለሁ፣ ግን ደሞ ምን ይዤ ብመጣ ተቀባይ አልነበረም ብሏል፣ ሁለቱም አንድ ላይ ይነበብ። ትዳሩ የፈረሰ፣ በራሱ የማይተማመን፣ ዓይን አፋር ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚናገር ሰው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። በ1978 ዌት ድሪም የሚል የራሱን አልበም አውጥቷል፣ ማለትም ዜማ አልደረቀበትም ነበር፣ ባንዱ ውስጥ ነው የደረቀው።

አዲስ_ጆሮ፦
እኔ ዎልን እና ዳርክ ሳይድን ብቻ ነው የማውቀው፣ የሪክን ነገር ለመስማት ከየት ልጀምር? ዝርዝር ስጡኝ በናታችሁ

ጥቁርና_ነጭ_ቁልፍ፦
@አዲስ_ጆሮ ደስ ይለኛል። መጀመሪያ ሰመር ሲክስቲ ኤይትን ስማ፣ ከዛ ኤኮስን፣ እሱንም በቪዲዮ እይ፣ በ1971 ፖምፔ ፍርስራሽ ውስጥ ተመልካች በሌለበት የተቀረጸው አለ፣ ካሜራው ሪክ ላይ ሲቆም እጁን ተከተል። ከዛ አስ ኤንድ ዜምን ቁጭ ብለህ፣ ስልክህን አስቀምጠህ።

ከዛ ዝለልና ወደ 1994 ሂድ፣ ዘ ዲቪዥን ቤል። ወደ ባንዱ የተመለሰው በ1987 ነው፣ ዋተርስ ከወጣ በኋላ፣ ግን በዛ ጊዜም ሲለቅ በፈረመው ውል ምክንያት ሙሉ አባል መሆን ስላልቻለ ስሙ ከሌሎቹ ሙዚቀኞች ጋር ነው የተደረደረው፣ ፎቶው ላይ ጊልሞርና ሜሰን ብቻ ናቸው። በ1994ቱ ግን 5 ዘፈን ላይ በደራሲነት ስሙ አለ። ክላስተር ዋን፣ ዋት ዱ ዩ ዎንት ፍሮም ሚ፣ ማሩንድ፣ ዌሪንግ ዘ ኢንሳይድ አውት፣ ኪፕ ቶኪንግ። ማሩንድ ግራሚ ወስዷል፣ የሪክና የጊልሞር ስራ ነው። ከሁሉም ግን ዌሪንግ ዘ ኢንሳይድ አውት፣ እሱ ነው የሚዘፍነው፣ ባንዱ አልበም ላይ ሊድ ሲዘፍን ከዳርክ ሳይድ ወዲህ የመጀመሪያው ነው፣ ከ20 ዓመት በላይ ማለት ነው። ድምፁ አርጅቷል ጎርነን ብሏል፣ ግጥሙን አንተኒ ሙር የሚባል ሰው ነው የጻፈው ግን ስለ ሪክ የተጻፈ ነው የሚመስለው፣ ዝም ብሎ ስለኖረና መናገር ስለጀመረ ሰው። ሳክስፎኑ ሲገባ እኔ ሁሌ እንደ አዲስ ነው የምሆነው።

ከዛ በኋላ በ1996 ብሮከን ቻይና የሚል የብቻ አልበም አለው፣ ስለ ድብርት በሽታ የተሰራ፣ ሺኔድ ኦኮነር ሁለት ዘፈን ላይ ዘፍናለታለች። ስለ ድብርት እንደዛ በጥንቃቄና በርህራሄ የተሰራ አልበም ብዙ አላውቅም። ማንም አያወራለትም፣ እባካችሁ ስሙት።

ዜማ_ወዳድ፦
ላይቭ ኤይት የሚባለውን ኮንሰርትም ጨምርለት። በ2005 ሃይድ ፓርክ አራቱም ከ24 ዓመት በኋላ አንድ መድረክ ላይ ቆሙ፣ ሪክ ጥግ ላይ ነው።

ሳውንድ_ቼክ፦
ጊልሞር ስለዚህ ጉዳይ ያለውንም ልጨምር፣ ሪክ ሲሞት ባወጣው መልዕክት ላይ ፒንክ ፍሎይድ ማን ነው ምንድነው እየተባለ ሲጨቃጨቅ የሪክ ግዙፍ አስተዋጽኦ ብዙ ጊዜ ይረሳ እንደነበር በግልጽ ጽፏል። አጠገቡ 40 ዓመት የተጫወተ ሰው ነው የሚለው። ኤኮስንም ከዛ በኋላ አልተጫወተውም፣ ያለ ሪክ አይሆንም ብሎ፣ በ2006 አብረው በዞሩበት ቱር ላይ ያለው የመጨረሻው ሆኖ ቀረ። የግዳንስክ ኮንሰርት ቅጂ ላይ አለላችሁ፣ የ60 ዓመት ሰዎች ሆነው መሀሉ ላይ ጊታርና ኪቦርድ እንዴት እንደሚመላለሱ እዩ።

ዘ ኤንድለስ ሪቨርንም በ2014 ያወጡት በ1993 ሪክ የተጫወተው ቅጂ ላይ ተመስርተው ነው። ብዙ ሰው አሰልቺ ነው አለው፣ ዘፈን የለውም አለው። አንዲት ቦታ ላይ ግን ሪክ በ1969 ሮያል አልበርት አዳራሽ ውስጥ ያለውን ትልቁን የፓይፕ ኦርጋን ሲጫወት የተቀዳ ድምፅ አስገብተዋል፣ ገና ወጣት እያለ። ለሷ ስል ብቻ አልበሙን ገዝቻለሁ።

ግጥም_ይቀድማል፦
ይሄኛውን አላውቅም ነበር፣ ማታ እሰማዋለሁ። አሁንም ዋተርስ ይቀድማል እላለሁ ግን። 🙂

አዲስ_ጆሮ፦
ሰመር ሲክስቲ ኤይትን ሰማሁት፣ ብራሱ ሲገባ ጮህኩ። ቤት ውስጥ ትንሽ ኪቦርድ አለኝ፣ ያቺን የማይልስ ዴቪስ ኮርድ የምትሏትን እንዴት ነው የምመታት?

ጥቁርና_ነጭ_ቁልፍ፦
ዲ ሰባተኛ ከሻርፕ ዘጠነኛ ጋር ነች። በግራ እጅህ ዲ፣ በቀኝ ደሞ ኤፍ ሻርፕ፣ ሲ፣ ከላይ ተራውን ኤፍ። ኤፍ ሻርፑና ኤፉ አንድ ላይ ሲመቱ ይጋጫሉ፣ አትፍራ እሱ ነው የተፈለገው። ከዛ ሌላውን ሁሉ ይዘህ የላይኛውን ኤፍ ብቻ ወደ ኢ ፍላት አውርደው፣ ከዛ ኢ ማይነር ላይ እረፍ። ቀስ በል፣ አትቸኩል፣ ፔዳል ካለህ ያዘው። ካልወጣልህ እዚሁ ጻፍልኝ፣ ቀድቼ እለጥፍልሃለሁ።